በጅሬን አካባቢ በድንጋይ ፍርስራሽ መካከል አዲስ ቤት ለመንደፍ ምክር ፍለጋ

የአዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የምሠራ አርክቴክት ነኝ፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ የያዝኩት አንድ ሥራ እንቅልፍ ስለነሣኝ ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ቦታው ከጅሬን ኮረብታ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ የአንድ ቡና አምራች ቤተሰብ ይዞታ የሆነ ተዳፋት ነው። በዋንዛ ጥላ ሥር ካለው ቡና ወጣ ሲሉ ሣር የዋጠው የድንጋይ ፍርስራሽ ያገኛሉ፤ ረጅሙ ግድግዳ 14 ሜትር ያህል ሲሆን ከፍ ባለው ጫፉ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ብቻ ነው። ሦስት የድንጋይ ደረጃዎችና አንድ የበር ደፍ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳይነቃነቁ በቦታቸው አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነበረው ጊዜ፣ የአንድ ነጋዴ ግቢ እንደነበረ ይተርካሉ፤ በጽሑፍ የተያዘ ነገር ግን የለም። መሬቱ በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ 6 ሜትር ይወርዳል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው ጅማ ከነሜዳዋ ትታያለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ጉሙ ከታች ስለሚተኛ የሚታየው ማዶ ያለው የተራራ ጫፍ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ የሚፈልገው ቡና የሚቆላበትና የሚጠጣበት አንድ አዳራሽ፣ የአያቶቻቸው የቤት ዕቃ የሚታይበት ክፍልና ለእንግዳ የሚሆኑ ሁለት መኝታ ቤቶች ሲሆን በጠቅላላው 280 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። እስካሁን ሁለት ንድፎች ሠርቻለሁ። አንደኛው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት እየተከተለ በፍርስራሹ መሠረት ላይ የሚቆም ነው፤ ቤተሰቡ ይህንን ወድዶታል። ሁለተኛው ከፍርስራሹ በላይ ተንሳፍፎ ወደ ሸለቆው የሚወጣ የብረትና የመስታወት አዳራሽ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ ይህንን ያደንቃሉ። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ሳየው የሠርግ አዳራሽ፣ ሁለተኛውን ሳየው የመኪና መሸጫ ይመስለኛል። አሮጌውን መምሰል ይሻላል ወይስ ከእርሱ መለየት? ግድግዳዎቹስ ጥቂት ጭነት ሊሸከሙ ይችላሉ ብላችሁ ታስባላችሁ?

ቋሚና ማገር

ሁለቱም ንድፎች የተነሡት ቤቱ ምን ይምሰል ከሚለው ጥያቄ በመሆኑ ለጊዜው ቢያስቀምጧቸው ጥሩ ይመስለኛል። ስለ ቅርስ ጥበቃና ጥገና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር በ9ኛው አንቀጹ አዲስ የሚጨመር ሥራ ከአሮጌው የሚለይና የዘመኑን ምልክት የያዘ መሆን እንዳለበት፣ በ12ኛው ደግሞ የጎደለውን የሚተካ ነገር ከጠቅላላው ጋር እየተስማማ ተለይቶ እንዲታወቅ ይደነግጋል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ውስጥ መለየቱን ብቻ መዝዘው ብረትና መስታወት ያመጣሉ። ልዩነቱ ግን አዲሱ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት በአንዲት ጣት ስፋት ክፍተት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ቤቱ በሙሉ እንግዳ መሆን አያስፈልገውም።

የምለውን በምሳሌ ላሳይ። በኖርዌይ ሀማር ከተማ አርክቴክቱ ስቬሬ ፌን የመካከለኛው ዘመን የጳጳስ ምሽግ ፍርስራሽንና በላዩ የተሠራ የእርሻ ጎተራን ሙዚየም አድርጎታል። የፈረሰውን የመስኮት ቀዳዳ ፍሬም ለመግጠም ሲባል አልጠረበውም፤ ከቀዳዳው የሚሰፋ መስታወት ቆርጦ ከግድግዳው ውጭ በኩል ለጠፈው እንጂ። የተሸረፈው ድንጋይ እንደተሸረፈ ይታያል፤ ዝናቡም አይገባም። ጎብኚው የሚሄድበት የኮንክሪት መወጣጫም ቁፋሮውን ሳይነካ በላዩ ያልፋል። በስዊዘርላንድ ኩር ከተማ ደግሞ አርክቴክቱ ፒተር ዙምቶር እ.ኤ.አ. በ1986 በሮማውያን ቤቶች መሠረት ላይ የእንጨት መጠለያ ሠርቷል፤ መጠለያዎቹ የጥንቶቹን ቤቶች ቅርጽ ተከትለው የቆሙ ሲሆን ግድግዳቸው ብርሃንና አየር በሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ የተሠራ ነው። የአሮጌውን ቤት ስፋት ያስታውሳሉ፤ አሮጌውን ቤት ነን ግን አይሉም።

የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በተመለከተ፣ ቤተሰቡ የወደደው የእንጨት ቅርጹን ይሆናል፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ሰገነቱና በረንዳው የሚሠሩት ሥራ ነው። የጅማ ዝናብ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊትም ከመጋቢት ጀምሮ ይዘንባል። ወደ ውጭ የዘለቀ ጣሪያ ግድግዳውን ከዝናብ፣ በረንዳ ደግሞ ክፍሉን ከፀሐይ ይጠብቃል። የመስታወቱ አዳራሽ እነዚህን ሁለቱንም ትቶ እይታውን ብቻ ይዟል። እይታውም ቢሆን ከመኪና ሲወርዱ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ከተሰጠ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። የቀረው ግድግዳ እስከ ደረት የሚደርስ ከሆነ፣ እንግዳው ከጎኑ እየሄደ ሜዳውን በከፊል ብቻ እያየ ደፉን ቢሻገርና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲቆም ሁሉም ቢከፈትለት አይሻልም?

አንድ ነገር ልጨምር። በስፔን ኮርዶባ አጠገብ በጥንቷ የመዲናት አል ዛህራ ከተማ ፍርስራሽ አቅራቢያ የሚገኘው ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲከፈት አብዛኛው ክፍሉ ከመሬት በታች ነበር፤ በዓመቱ የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ከፍርስራሹ ቦታ ሆነው ሲያዩት መልክዓ ምድሩን አይበጠብጥም። ቀይ አፈርዎ ውስጥ ይቅበሩት ማለቴ አይደለም፤ ቤቱ ከከተማ ሲታይ ከኮረብታው ጫፍ መስመር በላይ ብቅ እንዳይል በሴክሽን (ኮረብታውንና ቤቱን በጎን ቆርጦ በሚያሳይ ሥዕል) ይፈትሹት።

ቱምቢ

ቋሚና ማገር ስለ መልኩ በሚገባ ጽፈዋል፤ እኔ ረጅም ዘመን በፎርማንነት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ውሃ እናገራለሁ።

280 ካሬ ሜትር ቤት በረንዳውና ወደ ውጭ የሚዘልቀው የጣሪያ ጠርዝ ሲታከልበት ጣሪያው 400 ካሬ ሜትር ይደርሳል እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል ከዚያ ጣሪያ የሚወርደው 20 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 20,000 ሊትር ውሃ ነው። ትናንት ሣርና አፈር እየተካፈሉ ይጠጡት የነበረውን ውሃ ዛሬ እርስዎ ሰብስበው በአንድ ጠርዝ ይለቁታል ማለት ነው። አሸንዳ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፤ ጠብታው በቆርቆሮው ሸንተረር ልክ መሬቱን እየቦረቦረ ተርታ ጉድጓድ ሠርቷል፣ ፍንጣሪውም ግድግዳውን እስከ ጉልበት ድረስ ቀይ ቀብቶታል። ያ ፍንጣሪ በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ግርጌ ላይ ሁለት ክረምት ካረፈ ጭቃው ታጥቦ ይወጣል፤ ድንጋዩ ይቀመጣል እንጂ አይቆምም።

ስለዚህ ግድግዳዎቹ ጭነት ይሸከማሉ ወይ ላሉት መልሴ አይሸከሙም ነው፤ አንዲት ማገር እንኳ እንዳያሳርፉባቸው። ራሳቸውን ከቻሉ ይበቃቸዋል። ፉቲንግ (የአዲሱን ቤት መሠረት) ሲቆፍሩም ከግድግዳው ግርጌ በ45 ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ውጭ የሚወርድ መስመር በሐሳብዎ ይሥሩ፤ ጉድጓድዎ ያንን መስመር ከቆረጠ ግድግዳው የቆመበትን አፈር እየወሰዱበት ነው።

ሲሚንቶም አያስጠጉ። ከዓመታት በፊት በአንድ አሮጌ ግንብ ጥገና ላይ ነበርኩ፤ አሠሪዎቹ ለጥንካሬ ብለው መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ እንድንደፍነው አዘዙ፤ እኛም ደፈንነው። መጀመሪያ ዓመት አምሮ ታየ። በሦስተኛው ዓመት ሲሚንቶው እንዳለ ሆኖ የድንጋዩ ፊት እንደ ቅርፊት ይነሣ ጀመር፤ ምክንያቱም በግድግዳው ውስጥ የነበረው እርጥበት በመገጣጠሚያው መውጣት ሲከለከል በድንጋዩ በኩል መውጣት ጀመረ። በጎንደር ፋሲል ግቢም በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገኑ ክፍሎች ኋላ ላይ ተፈልፍለው በኖራ እንዲተኩ ሆኗል። የእርስዎ ግድግዳ ግን የጭቃ ስለሆነ ለመገጣጠሚያው ጭቃ፣ ለላይኛው ራስ ብቻ ከኖራ ጋር የተቀላቀለ ጭቃ ይበቃል። በድንጋዩ መካከል የበቀሉትን የሾላና የዋርካ ችግኞች ደግሞ እጅዎ እንዳገኘ አይንቀሏቸው፤ ሥሩ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ከግርጌው ይቁረጡትና ሥሩ እዚያው ይድረቅ።

የድሮ መሠረት

በቅርስ ጥናት ላይ የተሰማራሁ ነኝ፤ አስተያየቴ ከንድፉ በፊት ስለሚመጣው ሥራ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቁፋሮም ሆነ በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና የተገኘውን ነገር ባለበት መጠበቅ አለበት፤ በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራም የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል። ፍርስራሹ እስካሁን በመዝገብ አለመኖሩ ከዚህ ነፃ አያወጣዎትም። የአካባቢውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሁን፣ ንድፉ ገና እርሳስ ላይ እያለ ያነጋግሩ። ግንባታ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሥራ ያስቆማል፤ አሁን ከመጣ ግን ንድፉን ያሻሽልልዎታል።

ሣሩን አስነቅለው ቦታውን በ1 ለ50፣ ደፉንና ደረጃዎቹን በ1 ለ20 ልኬት ድንጋይ በድንጋይ ይሣሏቸው። ድሮን ካገኙ ይጠቀሙ፤ ነገር ግን በእጅ የሚሣል ሰው ፎቶግራፍ የማያየውን ያያል፤ የትኛው ድንጋይ በሌላው ላይ እንዳረፈ፣ ግድግዳው በአንድ ጊዜ የተሠራ ይሁን ወይስ ኋላ የተቀጠለ፣ እየሣሉ ሳለ ነው የሚገለጥልዎት። የወደቀው ክምር ውስጥ ያለው ድንጋይ ለአዲሱ ቤት መሥሪያ እንዳይሆን አደራ። ቤተሰቡ ወጪ ለመቀነስ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንን ነው። እያንዳንዱ የወደቀበት ቦታ ግድግዳው በየት በኩል እንደተናደ የሚናገር ስለሆነ፣ መነሣቱ ግድ ከሆነ ቁጥር ተጽፎለት በአንድ ወገን ይደርደር።

ሽማግሌዎቹ የሚናገሩትንም በድምፅ ይቅረጹ። የነጋዴ ግቢ ነበር ማለታቸው ከአካባቢው ታሪክ ጋር ይሄዳል፤ የጅማው የሂርማታ ገበያ ነጋዴ ከሩቅ የሚስብ ነበርና። ይሁን እንጂ በሚለጠፈው የማብራሪያ ሰሌዳ ላይ «ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት» የሚለው ቃል እንዳይቀር።

ሂርማታ ሰፈር

ሁላችሁም እንዴት ይሠራ ትላላችሁ እንጂ ለምን እዚያ ላይ ይሠራ ብሎ የጠየቀ የለም። ቡናው ውስጥ ቦታ ሞልቶ ሳለ ፍርስራሹን ከቤት ጋር ማጋባት ምን ይጠቅማል? ላሊበላን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከሉት የብረት መጠለያዎች ለጊዜው የተባሉ ነበሩ፤ ዓመታት አልፈው ነዋሪውና ካህናቱ የብረቱ ክብደት አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳይጎዳ ሲሰጉ ኖረዋል። በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበ ቦታ፣ ከየአገሩ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራው ነገር እንዲህ ካወዛገበ፣ እኛ ጅሬን ሥር የምንተክለውን ማን ሊያነሣው ነው?

ቋሚና ማገር

ሂርማታ ሰፈር ያነሡት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሚነሣ ነገር ይሠራ ሲባል ከመጀመሪያው ማን፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ቀን ያነሣዋል ተብሎ በንድፉ ላይ መጻፍ አለበት። በብሎን የተያያዘን እንጨት ሁለት አናጢዎች ይፈቱታል፤ ትልቅ ብረት ግን ክሬን ይፈልጋል፤ እዚያ ተዳፋት ላይ ደግሞ ክሬን አይወጣም። በሐሳቡ ግን በሙሉ አልስማማም። ሰው የማይደርስበት ፍርስራሽ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የድንጋይ ማውጫ ይሆናል፤ በየጠዋቱ ቡና የሚጠጣበት ሰው አጠገቡ ካለ ግን አንዲት ድንጋይ ስትጎድል ይታወቃል። ክርክሩ በርቀቱ ላይ ቢሆን ይሻላል።

የአዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት የመከራችሁኝን ይዤ ወደ ቦታው ተመላልሻለሁ። ልኬቱን ሁለት ተማሪዎች እያገዙኝ በእጅ ሣልነው፤ የድሮ መሠረት እንዳሉት ረጅሙ ግድግዳ በሁለት ጊዜ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ በ9ኛው ሜትር ላይ ድንጋዮቹ እርስ በርስ አይነካከሱም፣ ቀጥ ያለ መስመር ሠርተው ቆመዋል። ጽሕፈት ቤቱንም አነጋግሬ ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ ተስማምተናል።

ንድፉን በተመለከተ ከሁሉ ይበልጥ የለወጠኝ የጋሽ ቱምቢ የውሃ ሒሳብ ነው። ቤቱን ከፍርስራሹ ላይ አንሥቼ በተዳፋቱ ላይኛው ወገን፣ ከግድግዳው 11 ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ አሁን በቀጥታ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ስለሆነ፣ ከቤቱ ጀርባ የሚቆፈረው የውሃ መውረጃ ቦይ ጎርፉን ቀድሞ ተቀብሎ በሁለቱም ጎን ያዞረዋል፤ አዲሱ ቤት ለአሮጌው ጋሻ ይሆነዋል ማለት ነው። ጣሪያውም ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ ወደ ኮረብታው፣ እንዲያዘነብል አድርጌ አንዲት ጠብታ በፍርስራሹ በኩል እንዳትወርድ አድርጌአለሁ። ወደ ሸለቆው የሚያየው ከፍ ያለው ወገን ሦስት ሜትር የሚዘልቅ ጣሪያ ያለው የእንጨት በረንዳ ሆነ። ከዚያ ተቀምጠው ሲያዩ ፊት ለፊት ግድግዳው፣ ከግድግዳው ባሻገር ሜዳው ይታያል። ቤተሰቡ ሰገነቱ ቀረብን ብሎ አኩርፎ ነበር፤ አያታቸው ግን በረንዳው የሚሆንበት ቦታ ላይ ወንበር አስመጥተው ለረጅም ጊዜ ከተቀመጡ በኋላ የተናገረ የለም።

ፍርስራሹን የሚነካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበረንዳው ተነሥቶ በግድግዳው ጎን እስከ ደፉ የሚወስድ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ። እግሮቹ ሳይቆፈርላቸው ጠጠር ላይ በተዘረጋ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ መተላለፊያው እንዳይናወጥ እፈራለሁ፤ እንጨቱንም ዋንዛ ለማድረግ አስቤ ነበር።

ቱምቢ

ዋንዛውን ይተዉት። ከመንግሥት ደን ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ከገበሬ ማሳ ነው ተብሎ የሚመጣውም ከየት እንደተቆረጠ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ሥራዎን ያስነቅፋል። በሚገባ የደረቀና ለምስጥ የታከመ ባሕር ዛፍ ይበቃዎታል፤ ከታች ያለው እንጨት ግን በምንም ዓይነት አፈር አይንካ፤ በብረት ጫማ አድርገው ከንጣፉ አንድ ስንዝር ከፍ ያድርጉት፤ ምስጥ ሲወጣም መንገዱ በብረቱ ላይ ስለሚታይ በመጥረጊያ ይጠረጋል።

ስለ መናወጡ ቤትዎ ያለውን የጅማ በርጩማ ይመልከቱ። ሦስት እግር ስላለው የትም ቢያስቀምጡት ይረጋል፤ አራት እግር ያለው ወንበር ግን አንዱን እግሩን በወረቀት ካልደገፉለት ይንገዳገዳል። መተላለፊያውን አንድ ረጅም ድልድይ ከማድረግ ይልቅ እያንዳንዳቸው በሦስት እግር የሚቆሙ አጫጭር መድረኮች አድርገው ጎን ለጎን ይደርድሯቸው። አንዱ ቢሰምጥ እርሱን ብቻ ያነሡታል። ጠርዙ ላይ ሰው ሲቆም እንዳይገለበጥ ሁለቱን እግሮች ወደ ውጭ ከፈት ያድርጓቸው፤ መድረኮቹንም እርስ በርስ በብሎን ያያይዟቸው።

የምቃወምዎት በቦዩ ላይ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የጣሪያውንና የኮረብታውን ውሃ በአንድ ላይ ከቤቱ ጀርባ ሰብስበዋል። ከላይ ያለው የቡና ጥላ ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው በበጋ ነው፤ በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ያ ሁሉ ቅጠል ቦዩ ውስጥ ይገባል። ቱቦ ካደረጉት ይደፈናል፤ ሲደፈን ውሃው የሚያልፈው በአዳራሽዎ መካከል ነው፤ ከአዳራሹ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ያው ግድግዳ ነው። ስለዚህ በአካፋ የሚጠረግ ክፍት ቦይ ይሁን፤ ወለሉ ከቦዩ አፍ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ደለል የሚያርፍበት ጉድጓድ ይኑር፤ ውሃው ከዚያ ሲወጣም በአንድ ጅረት ቡናው ውስጥ እንዳይለቀቅ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ተበትኖ ይውረድ። ሥራው ሳይጀመር ቦዩን ብቻ አስቀድመው ያስቆፍሩና አንድ ዝናብ ይጠብቁ። ሲጥል ጃንጥላ ይዘው እዚያው ይገኙ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚያመልጥ አይተው ካስማ ከተከሉ በኋላ ፉቲንጉን መቆፈር ይችላሉ።

የአዌቱ ማዶ (ጠያቂ)

ጋሽ ቱምቢ፣ ቦዩን ከቤቱ በፊት ለማስቆፈር ቤተሰቡን አሳምኛለሁ፤ ለጉድጓዶቹም ቦታ ምልክት አድርገናል። የወለሉ ከፍታ በንድፉ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ወደ 45 አሳድጌዋለሁ። ይህም በረንዳውን ትንሽ ከፍ ስላደረገው የግድግዳው ራስ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ይበልጥ ወደ ታች ወረደ፤ ስለዚህ መቀመጫዎቹን ዝቅ ባሉ በርጩማዎች ለመለወጥ አስቤአለሁ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ካስማዎቹ የቆሙበትን ሥዕል እዚሁ አመጣለሁ።